ከባለርስቶቹ በፊት የነበረው

በ1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባቡር ሐዲድ ኢስትኤንድ ደረሰ። ከዚያ በፊት በዚህ የካናዳ ጥግ፣ በሳስካችዋን ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ ተራርቀው የሰፈሩ ከብት አርቢዎች እንጂ ይህ ነው የሚባል መንደር አልነበረም። ባቡሩ ሲመጣ በፍሬንችማን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሱቆች ተከፈቱ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ከሩቅ የሚታይ ረጅም የእንጨት የእህል ጎተራም ቆመ። ከሸለቆው ወጣ ሲባል ግን እስከ አድማስ ድረስ ሣር ብቻ ነበር።

ያን ሣር ገልብጦ ለሚያርስ ሰው መንግሥት 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ መሬት፣ በ10 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው መሬቱ የራሱ ይሆናል። ገና ከ1857 እስከ 1860 አገሩን የዞረው አሳሽ ጆን ፓሊሰር ይህ ደረቅ ሜዳ ለእርሻ እንደማይሆን ጽፎ ነበር። ስንዴ በተወደደበት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን ማስጠንቀቂያውን የሚሰማ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሰማዩን አየ፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ። መሬቱንም አየ፤ ይታረስ እንደሆነ።

ሸለቆውን ዳርና ዳር የያዙት ነጫጭና ግራጫ ገደሎች አይታረሱም። ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም።

ባቡሩ በመጣበት ዓመት ከደረሱት ቤተሰቦች አንዱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረው፤ ዋላስ ስቴግነር ይባላል። አባቱ ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ መሬት ተመርቶ ስንዴ ዘራ። ቤተሰቡ በጋውን በእርሻው፣ ክረምቱን በመንደሩ እያሳለፈ ስድስት ዓመት ታገለ። ድርቁ በረታ፤ ስንዴው ከዓመት ዓመት ከሰረ፤ በ1920 ጓዛቸውን ሸክፈው ሄዱ። ልጁ አድጎ በአሜሪካ ስመ ጥር ደራሲ ሆነና ስለዚያች መንደር «ዎልፍ ዊሎው» የተሰኘ መጽሐፍ በ1962 አሳተመ። እዚያ ላይ አንድ ቁጭት ደጋግሞ ይነሣል። በልጅነቱ በትምህርት ቤት የሩቅ አገር ነገሥታትን ታሪክ ሲማር፣ የሚኖርበት ቦታ የራሱ ታሪክ እንዳለው የነገረው አልነበረም። ከመንደሩ በስተሰሜን የጎሽ አዳኞቹ የሜቲ ሕዝቦች ክረምታቸውን ያሳልፉባቸው የነበሩ ጎጆዎች ፍርስራሽ ነበር። በአቅራቢያው የፈረሰኛ ፖሊሶች ጣቢያ ነበር። ልጆቹ በፍርስራሹ መካከል ይሮጡ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም።

ይህ ቁጭት እውነት ነው፤ ነገር ግን ስቴግነር ራሱ ካሰበውም በላይ ጥልቅ ነበር። ያ ሸለቆ የደበቀው ታሪክ በመቶ ዓመት የሚቆጠር አልነበረምና።

በመንደሩ ይህን ቀድመው የጠረጠሩ አንድ ሰው ነበሩ። ሃሮልድ ጆንስ ይባላሉ፤ አገሬው የሚያውቃቸው ግን «ኮርኪ» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። ከእንግሊዝ የዋይት ደሴት በወጣትነታቸው መጥተው ከብት ጠባቂ ሆኑ። የዋይት ደሴት ገደሎች በዳይኖሰር ቅሪተ አካል የታወቁ ናቸውና ምናልባት ዐይናቸው ለዚህ ነገር የተገራው ገና ድሮ ሳይሆን አልቀረም። ሌላው ሰው የጠፋ ጥጃ በሚፈልግበት ቦረቦር ውስጥ እሳቸው ከድንጋይ የከበደ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ግን ድንጋይ ያልሆነ ነገር እያነሱ ይሰበስቡ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ደመወዝም የሚከፍላቸው አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት ያጠራቀሙትን አጥንት በመጨረሻ በመንደሩ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ደርድረው ለሚጠይቅ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

እንዲህ ሆኖ የኢስትኤንድ ልጆች አንድ ነገር እያወቁ አደጉ፤ ሸለቆው አጥንት አለው። ማን ነበር ዋናው ባለቤት የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም።

ጥያቄው ከባድ የሆነው መልሱ ድንበር ማዶ ቁጭ ብሎ ስለነበረ ነው። ከኢስትኤንድ በስተደቡብ፣ በአሜሪካ የሞንታና ግዛት፣ ባርነም ብራውን የተባለ አጥንት ፈላጊ በ1902 አንድ አስፈሪ አውሬ ከአለት ፈልፍሎ አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ አውሬው ታይራኖሶረስ ሬክስ ተብሎ ተሰየመ፤ ዛሬ ዓለም ቲ ሬክስ የሚለው ነው። ያ የሞንታና አለትና የፍሬንችማን ሸለቆ አለት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተነጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮች ከምድር ሊጠፉ ጥቂት ሲቀራቸው ነበር። ያኔ ድንበር የለም፤ ስንዴም የሣር ሜዳም የሌለበት፣ በወንዞች የተቆራረጠ ሞቃት የደን አገር ነበር። አውሬው ደቡብ ላይ ከኖረ ሰሜን ላይ የማይኖርበት ምክንያት አልነበረም።

የሬጅና ከተማ ሙዚየም ባለሙያዎች ሸለቆውን አሰሱ። የተበታተነ አጥንት፣ የተሸራረፈ ጥርስ፣ የሦስት ቀንዱ ትራይሴራቶፕስ ቅሪት ይገኝ ነበር። የንጉሡ፣ የቲ ሬክስ፣ ሙሉ አካል ግን የለም። በዚህ መሃል መንደሩ ራሱ እየመነመነ ሄደ። የ1930ዎቹ ድርቅ አፈሩን በንፋስ አስወስዶ ብዙ ገበሬ አሰደደ፤ ከዚያም ትራክተሩ ተለቀ፣ እርሻው ሰፋ፣ ገበሬው አነሰ። በሳስካችዋን ሜዳ የባቡር ሐዲዶች ተነቀሉ፣ የእህል ጎተራዎች ፈረሱ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አምስት ስድስት መቶ ሰው የሚኖርበት ኢስትኤንድ ዕጣው ከጎረቤቶቹ የተለየ ይሆናል ብሎ የሚወራረድ አልነበረም።

ከዚያ ኦገስት 16 ቀን 1991 መጣ።

ያን ዕለት የሬጅናው ሙዚየም ተመራማሪዎች ወደ ሸለቆው ሲወጡ አንድ እንግዳ ይዘው ነበር። ሮበርት ጌብሃርት የኢስትኤንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ቅሪተ አካል እንዴት እንደሚፈለግ በዐይናቸው ማየት ፈለጉና አብረዋቸው ወጡ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ሥራ አይመስልም። አካፋ የለም፣ ቁፋሮ የለም፤ አንገት ደፍቶ መሄድ ነው። ክረምቱ በረዶውን አምጥቶ ጸደይ ሲያቀልጠው፣ ዝናቡም ገደሉን ሲልጠው፣ በየዓመቱ አዲስ አጥንት ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ የፈላጊው ድርሻ ከሺህ ጠጠር መካከል ያን አንዱን መለየት ነው። የልምድ ሰዎች አንድ ዘዴ አላቸው። የተጠራጠሩትን ስብርባሪ ምላሳቸው ላይ ያስነካሉ። አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ይጣበቃል፤ ተራ ድንጋይ አይጣበቅም።

ጌብሃርት በቦረቦሩ ጎን ሲሄዱ አንድ ነገር አዩ። ከአፈሩ ላይ አነሡት። ጫፉ ተበልቶ ያለቀ የጥርስ ሥር ነበር። እዚያው አቅራቢያ ደግሞ የጅራት አከርካሪ አጥንት ተገኘ።

ቲም ቶካሪክና ጆን ስቶረር፣ የሙዚየሙ ተመራማሪዎች፣ ሁለቱን ተመለከቱ። ጥርሱም አጥንቱም የሚጠቁሙት ወደ አንድ እንስሳ ነበር። ደቡቦቹ ለዘጠና ዓመት ሲኩራሩበት የኖሩት ንጉሥ በሰሜኑ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ እንደነበር የመጀመሪያውን ፍንጭ ያነሣው፣ በሕይወቱ አጥንት ፍለጋ ወጥቶ የማያውቅ የመንደር መምህር ሆነ። ዕድል ነው ማለት ይቻላል። ግን ዕድሉ የደረሰው ራሱን ወደ ገደሉ ያመጣ ሰው ላይ ነው፤ የኮርኪ ጆንስ መንደር ሰው ላይ።

ሁለት ስብርባሪ ግን አውሬ አይሆንም። አንድ ጥርስና አንድ የጅራት አጥንት በጎርፍ ተወስደው ብቻቸውን የቀሩ ሊሆኑም ይችላሉ። ከገደሉ ጀርባ ምን እንዳለ የሚታወቀው ሲቆፈር ነው፤ ቁፋሮው ደግሞ ለሦስት ዓመት ያህል አልተጀመረም።

በጁን 1994 የሙዚየሙ ቡድን መዶሻና መሮ ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። አፈሩን ሲገልጡ አንድ አጥንት፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ብቅ አለ። የጎን አጥንቶች፣ የዳሌ አጥንት፣ የመንጋጋ ክፍል፣ ጥርሶች። ጎርፍ የጣለው ተራ ስብርባሪ እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። አውሬው እዚያው ነበር።

ግኝቱን ባከበሩበት ምሽት አንድ ጠርሙስ የስኮትላንድ ዊስኪ ተከፈተ፤ አውሬውም ከዚያ ጠርሙስ «ስኮቲ» የሚል ስም ወረሰ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ነጋ፤ መዶሻው ተነሣ፤ አለቱም እንቢ አለ።

አጥንቶቹን የያዘው አሸዋ ድንጋይ በብረት የተሞላ ነበር። ብረቱ አሸዋውን አጣብቆ ከአጥንቱ የበለጠ ጠንካራ አድርጎታል። አንድ ሰው አለቱን ሲመታ የሚሰበረው አለቱ ሳይሆን አጥንቱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አጥንቶቹ እርስ በርስ ተደራርበው ስለተጣበቁ አንዱን ለማንሣት የሌላውን መነሣት መጠበቅ ግድ ነበር። ቆፋሪዎቹ አንድ ምርጫ ብቻ ቀራቸው፤ አለቱን ከነአጥንቱ በትልልቁ ቆርጦ ማውጣት። እያንዳንዱን ቁራጭ፣ የተሰበረ እግር ሐኪም ቤት በጀሶ እንደሚታሰር፣ በጀሶ በተነከረ ጆንያ ጠቅልለው በማሽን ጫኑ። ዋናው ቁፋሮ ያበቃው በ2003 ነው። ከዚያ የባሰው ሥራ ገና ነበር፤ በየጥቅሉ ውስጥ ያለውን አጥንት በጥቃቅን መሣሪያ፣ ፍርፋሪ በፍርፋሪ፣ ከአለቱ ማላቀቅ። ሁሉም ሲደመር ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ሃያ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ቁፋሮው ሲጀመር የአንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረ የኢስትኤንድ ልጅ፣ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሲወጣ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ጎልማሳ ሆኗል።

በዚያ ዘመን ሸለቆው ሌላም ነገር ሰጠ፤ ይህኛውን ማንም አልጠበቀውም። በ1995 ዌንዲ ስሎቦዳ የተባለች ፈላጊ በዚያው አካባቢ ስታስስ ለየት ያለ እብጠት አየች፤ 44 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ውስጡ በጥቃቅን የተሰባበረ አጥንት የተሞላ ነበር። ተመራማሪዋ ካረን ቺን ከቶካሪክና ከሌሎች ጋር ሆና መረመረችው፤ ውጤቱም በ1998 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ኩስ ነበር! በመጠኑ፣ በዕድሜውና በተገኘበት ቦታ ሲመዘን ከቲ ሬክስ በቀር ይህን ሊጥል የሚችል እንስሳ በዚያ አገር አልታወቀም። ውስጡ ያሉት ስብርባሪዎች የአንድ ገና ያልጎለመሰ ተክል በል ዳይኖሰር አጥንት ነበሩ። አውሬው አጥንት ሳይፈራ ከነሥጋው እያደቀቀ እንደሚውጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር አልነበረም። የንጉሥን ማንነት ከዘውዱ ይልቅ ከማዕዱ ማወቅ ይቻላል፤ ይህም ግኝት ከስኮቲ ራስ ቅል ባልተናነሰ የሚደንቀው ለዚህ ነው።

መንደሩም ዝም ብሎ አላየም። አጥንት ሲወጣ ወትሮ የሚሆነው ይታወቃል፤ ወደ ትልቅ ከተማ ይጫናል፣ የተገኘበት ቦታ ስም በጠባብ ጽሑፍ ከሥሩ ይጻፋል። ኢስትኤንዶች ግን አጥንታቸው እዚሁ እንዲጸዳ፣ እዚሁም እንዲታይ ጣሩ። በመንደሩ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ በኋላም ሸለቆውን ቁልቁል የሚያይ የቲ ሬክስ ማዕከል በኮረብታው ወገብ ላይ ተሠራ። ስንዴ ብቻ ይጭን የነበረ መንደር ከሩቅ አገር የሚመጣ ጎብኚ ማስተናገድ ጀመረ።

እስከዚህ ድረስ አንድ ጥያቄ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ስኮቲ ምን ያህል ነበር?

አጥንቶቹ ትልልቅ መሆናቸው ገና በ1994 ይታይ ነበር። ግን መጠን በግምት አይነገርም። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ስኮት ፐርሰንስና ባልደረቦቹ ሥራውን የጀመሩት ከአለቱ ነጻ የወጣውን ሲለኩ ነው። ቁልፉ የጭን አጥንት ነበር፤ የእንስሳን ክብደት የሚሸከመው እርሱ ስለሆነ ውፍረቱ ሸክሙን ይናገራል። የስኮቲ ጭን አጥንት ዙሪያ 59 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሒሳቡ ሲወጣ 8,870 ኪሎ ግራም መጣ። ርዝመቱ 13 ሜትር ገደማ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም ስኮቲ እስከዚያን ጊዜ ከተለኩት ቲ ሬክሶች ሁሉ ከባዱ ሆነ፤ የቺካጎዋን ዝነኛ «ሱ» ጭምር በለጠ። ከአካሉ 65 ከመቶ ያህሉ ተገኝቷል።

ዕድሜውም ተነበበ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ኖሮ ነው የሞተው፤ ለቲ ሬክስ ይህ ሽምግልና ነው። እንዴት እንደኖረም አጥንቱ ላይ ተጽፎ ነበር። የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው የመጠገን ምልክት ይዘዋል። መንጋጋው ውስጥ የቁስል ምልክት አለ። ጅራቱ ላይ ያለው ጉዳት ደግሞ የሌላ ቲ ሬክስ ንክሻ ሊሆን ይችላል ተባለ። ንጉሥ ቢባልም በሰላም አልኖረም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር፤ አጥንቱ ወጣ፣ ተለካ፣ ተሰቀለ። ነገር ግን ከተሰበሩት የጎን አጥንቶች አንዱ ገና ያልተናገረው ነበር።

ጄሪት ሚቼል በሬጅና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነበር። የፊዚክስ ተመራማሪው ማውሪሲዮ ባርቢና ቡድናቸው ቅሪተ አካልን ሳይቆርጡ ውስጡን የሚያዩበት መንገድ ነበራቸው። ሳስካቱን ከተማ የሚገኘው ሲንክሮትሮን የሚባለው ግዙፍ መሣሪያ እጅግ ኃይለኛ ራጅ ያመነጫል፤ ሐኪም ቤት ያለው ራጅ የማያልፈውን ድንጋይ የሆነ አጥንት ሰንጥቆ ያያል። ለሚቼል የተሰጠው የስኮቲ የጎን አጥንት ነበር፤ ተሰብሮ በመጠገን ላይ ሳለ ባለቤቱ የሞተበት።

ምስሉ በኮምፒውተሩ ላይ ተገንብቶ ሲወጣ ሚቼል በአጥንቱ ውስጥ አንድ የማይጠበቅ ነገር አየ። ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩ፤ እየተቀጣጠሉ፣ እየተከፋፈሉ፣ ስብራቱን አልፈው የሚሄዱ። የአለት ስንጥቅ እንዲህ አይከፋፈልም። እንዲህ የሚከፋፈል ነገር አጥንት ያለው እንስሳ ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ ይዟል።

የደም ሥሮች ነበሩ።

ደሙ የለም፤ የሥሮቹ ቅርጽ ግን በማዕድን ተሞልቶ ቆይቷል። አጥንት ሲሰበር ሰውነት ወደ ቦታው ደም ይልካል፤ ጥገናውን የሚያካሂዱት አዳዲስ ሥሮች በብዛት ይዘረጋሉ። ስኮቲ በጉዳቱ ምክንያት ከወትሮው የበለጠ የደም ሥር የነበረው ያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ሞተ። ቡድኑ የሥሮቹን ማዕድን ሲመረምር ያገኘው የብረት ማዕድን ነበር። ሃያ ዓመት መዶሻ ያስነሣው፣ የቆፋሪዎችን ክንድ ያዛለው ብረት፣ በጎን አጥንቱ ውስጥ ጠባቂ ሆኖ ሥሮቹን 66 ሚሊዮን ዓመት አሻግሯቸዋል።

ጥናቱ በ2025 ታተመ። ሚቼል ሲጀምረው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበር፤ ሲታተም የዶክትሬት ተማሪ ሆኗል። እርሱና ባልደረቦቹ ለሌሎች ፈላጊዎች ያስተላለፉት ፍንጭ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በየሙዚየሙ መሳቢያ ተሰብረው የተጠገኑ፣ ለማሳያ የማይመረጡ አጥንቶች አሉ፤ የደም ሥር የሚፈልግ ሰው ከእነዚያ ይጀምር።